የበኩር ልጅና አለርጂ፦ ጉዳዩ የንጽሕና ነው፣ የታላላቆች ነው ወይስ የእናት?

በክትባት ወረፋ ላይም ሆነ በእናቶች የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ እየተመላለሰ የሚነሳ ጥያቄ አለ። የመጀመሪያው ልጅ በሦስት ወሩ ጉንጩ በችፌ ይላጣል፤ እንቁላል ሲቀምስ ሰውነቱ ሽፍ ይላል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እያስነጠሰ ይነሳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ያንኑ እየበሉ፣ እዚያው ቤት እያደጉ ምንም አይሆኑም። መልስ ሰጪ አይጠፋም። «በኩር ስለሆነ መሬት ሳይነካ አሳድገሽው ነው» የሚሉ አሉ። «በእርግዝናሽ ጊዜ የበላሽው ነገር ነው» የሚሉም አሉ። ሁለቱም አባባሎች ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ እናትየው ነው።

አባባሎቹ ከመሬት ተነስተው የመጡ አይደሉም። ታላላቅ ወንድምና እህት ያላቸው ልጆች ለአንዳንድ የአለርጂ ዓይነቶች የመጋለጥ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑ ካለፉት ሠላሳ አምስት ዓመታት ወዲህ በብዙ አገሮች ተደጋግሞ ታይቷል። ልጅ ሳይወለድ በፊት በእናት ሰውነት ውስጥ የሚሆነውም ድርሻ እንዳለው የሚጠቁሙ ማስረጃዎች አሉ። ችግሩ ይህ ዕውቀት ከጥናት ወደ አደባባይ ሲወጣ ግማሹ መቅረቱ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አለርጂ ሲባል የትኛው?

አለርጂ የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ወራሪ ሲቆጥር የሚፈጠር ችግር ነው። የአበባ ብናኝ፣ በፍራሽና በምንጣፍ አቧራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተባዮች፣ የወተት፣ የእንቁላል ወይም የኦቾሎኒ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል። ሰውነት መጀመሪያ ሲተዋወቃቸው ኢሙኖግሎቡሊን ኢ፣ በአጭሩ አይጂኢ፣ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትባቸዋል። ይህ ደረጃ ሴንሲታይዜሽን ይባላል። በቆዳ፣ በአፍንጫና በአየር ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሳት አሉ፤ አይጂኢው እነዚህ ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። ያው ነገር ተመልሶ ሲመጣ ሕዋሳቱ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይረጫሉ። ማሳከኩ፣ ማስነጠሱ፣ እብጠቱና የትንፋሽ ማጠሩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሴንሲታይዜሽን ያለበት ልጅ ሁሉ ግን ታማሚ አይደለም። በደም ወይም በቆዳ ምርመራ ለኦቾሎኒ ምላሽ የሚያሳይ፣ ኦቾሎኒ ሲበላ ግን ምንም የማይሆን ልጅ አለ። ይህ ልዩነት በተለይ ከኢትዮጵያ የተገኙትን ጥናቶች ለመረዳት ያስፈልጋል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሌላው የሚምታታው በአንድ ስም የሚጠሩት በሽታዎች ብዛት ነው። ችፌ፣ የምግብ አለርጂ፣ ብዙ ሰው «ሳይነስ» እያለ የሚጠራው የአፍንጫ አለርጂና አስም ዘመዳሞች ናቸው፤ መነሻቸው ግን አንድ አይደለም። በተለይ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ደረቱ ሲር ሲር ካለ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው፤ አድጎም አስም ላይይዘው ይችላል። የበኩርነት ነገር ጎልቶ የሚታየው በአፍንጫ አለርጂ ነው። በምግብ አለርጂም ይታያል። ወደ አስም ስንመጣ ውጤቶቹ ይለያያሉ። «በኩር ልጅ አለርጂ ይበዛበታል» የሚለው አረፍተ ነገር የትኛውን አለርጂ ማለቱ እንደሆነ ካልተናገረ ገና ምንም አልተናገረም ማለት ይቻላል።

ከ1989 የተረፈው ግማሽ ሐሳብ

የክርክሩ መነሻ አጭር ጽሑፍ ናት። ዴቪድ ስትራቻን የተባለ እንግሊዛዊ የኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታዎች ስርጭት ጥናት) ባለሙያ በ1958 ዓ.ም. መጋቢት ወር ውስጥ በአንድ ሳምንት በብሪታንያ የተወለዱና ከዚያ ወዲህ ክትትል ሲደረግባቸው የቆዩ 17,414 ልጆችን መረጃ አገላብጦ በ1989 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ። ልጆቹ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላቸውም፣ ሃያ ሦስት ሲደፍኑም፣ የአፍንጫ አለርጂያቸው በቤታቸው ካለው የልጅ ብዛት ጋር ተያይዞ ተገኘ። ልጅ በበዛበት ቤት አለርጂው ያንሳል። ከታናናሾች ይልቅ ደግሞ የታላላቆች ቁጥር የበለጠ ለውጥ ያመጣል። በመጀመሪያው ዓመት የሚታየው ችፌም ተመሳሳይ አዝማሚያ ነበረው።

ስትራቻን ይህን ያብራራበት መንገድ ነው በኋላ «የንጽሕና መላምት» ተብሎ የታወቀው። የቤተሰብ ቁጥር እያነሰ፣ ቤት እየተሟላና የግል ንጽሕና እየጨመረ ሲሄድ ልጆች በጨቅላነታቸው ከታላላቆቻቸው የሚጋቡት ኢንፌክሽን ቀነሰ፤ በዚህም የመከላከል ሥርዓታቸው መልመድ የነበረበትን ሳይለምድ ቀረ የሚል ነው። ጽሑፉ ግን እዚያው ላይ ሁለተኛ መንገድም ጠቅሷል። ትልልቆቹ ልጆች ኢንፌክሽን ለእናትየው ያጋባሉ፣ እሷም ነፍሰ ጡር ሳለች የያዛት ነገር ገና ያልተወለደውን ይነካዋል፤ ከለላው የሚጀምረው ከዚያ ሊሆን ይችላል ይላል።

ይህ ሁለተኛው መንገድ ተረሳ። ጋዜጦችም፣ ወላጆችም፣ ብዙ ሐኪሞችም የያዙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በየአፉ ሲዘዋወር «ቆሻሻ ጥሩ ነው» ወደሚል መፈክር ወረደ።

ንጽሕና ብቻውን ያልመለሳቸው ጥያቄዎች

መላምቱ በ1990ዎቹ ድጋፍ አላጣም ነበር። ከሁለቱ ጀርመኖች ውህደት በኋላ የተሠሩት ጥናቶች የታወቁ ናቸው። ምሥራቅ ጀርመን የድንጋይ ከሰል ጭስ የሞላበት፣ ምዕራቡ ደግሞ ንጹሕ አየር ያለበት ስለነበር፣ አለርጂ በምሥራቁ ይበዛል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ኤሪካ ፎን ሙቲየስና ባልደረቦቿ ያገኙት ተቃራኒውን ነው፤ የላይፕዚግና የሃሌ ልጆች ከሙኒክ ልጆች ያነሰ አለርጂ ነበራቸው። በምሥራቅ ልጆች ገና ሳይራመዱ የሕፃናት መዋያ ይገቡ ነበር። በ1999 የታተመ ሌላ የምሥራቅ ጀርመን ጥናት ይህን ለይቶ ሲመረምር፣ በአንደኛው ዓመታቸው መዋያ የገቡት በኋላ ያነሰ አለርጂ እንዳለባቸው አየ፤ ልዩነቱ የታየው ግን ትንሽ ቤተሰብ ባላቸው ልጆች ብቻ ነው። ታላላቆች በቤት ያሉት ልጅ መዋያው አዲስ ነገር አልጨመረለትም። በአሜሪካ ቱሳን ከተማ የተካሄደውና በ2000 የወጣው ክትትልም ተመሳሳይ ነው፦ ታላላቅ ያላቸው ወይም መዋያ በጊዜ የገቡ ልጆች በሁለት ዓመታቸው ደረታቸው ሲር ሲር ማለቱ በዝቶባቸው ነበር፤ ከስድስት ዓመት ዕድሜያቸው ወዲህ ግን አስሙ ከሌሎቹ አነሰባቸው።

ይሁን እንጂ ያልተገጣጠሙ ነገሮች ነበሩ። ኢንፌክሽን ሁሉ የሚከላከል ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ የታመሙ ሕፃናት አለርጂ ባነሰባቸው ነበር፤ ኩፍኝንና ሌሎች የልጅነት በሽታዎችን በየስማቸው የመረመሩ ጥናቶች ግን እንዲህ ያለ ወጥ ነገር አላገኙም። ከባድ የመተንፈሻ ኢንፌክሽኖች እንዲያውም አስምን ያባብሳሉ። በተጨማሪም አስም በአሜሪካ ከተሞች በጣም የከፋው በተጨናነቁና ንጽሕናቸው በተጓደለ የድሆች ሰፈሮች ነው።

ስለዚህ አሳቡ ተሻሻለ። ግራሃም ሩክ የተባለ የለንደን ተመራማሪ በ2003 «የጥንት ወዳጆች» የሚል ስያሜ አመጣ። በእሱ አባባል ከለላ የሚሰጡት የሚያሳምሙን ተሕዋስያን ሳይሆኑ ከሰው ልጅ ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት አብረው የኖሩት የአንጀት ባክቴሪያዎች፣ የአፈርና የእንስሳት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። የመከላከል ሥርዓቱ መቼ ማጥቃት፣ መቼ መተው እንዳለበት የሚማረው ከእነሱ ነው። የእርሻ ጥናቶች ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ሆኑ። በ2016 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አሚሽና ሃተራይት የተባሉ ሁለት የገበሬ ማኅበረሰቦችን አወዳደረ። ሁለቱም ከአውሮፓ የፈለሱ፣ በዘር የሚቀራረቡ፣ ብዙ ልጅ የሚወልዱ ናቸው። አሚሾች በፈረስ ያርሳሉ፤ ልጆቻቸው ከበረት ጎን ያድጋሉ። ሃተራይቶች ግን በትልልቅ ማሽኖች የሚሠራ፣ ከመኖሪያ የራቀ እርሻ አላቸው። የአሚሽ ልጆች አስም 5 በመቶ፣ የሃተራይቶቹ 21 በመቶ ነበር። በአሚሽ ቤቶች አቧራ ውስጥ ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚገኘው ኢንዶቶክሲን 6.8 እጥፍ ይበልጥ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሁለቱም ማኅበረሰቦች ብዙ ልጅ አላቸው፤ የአስማቸው ልዩነት ግን አራት እጥፍ ነው። የወንድምና የእህት ብዛት ብቻውን ሁሉንም የሚገዛ ቁልፍ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። እጅ መታጠብ መተውም ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም፤ ከበረት የሚመጣው አቧራ እጅ በመታጠብ አይቀርም፣ ተቅማጥ ግን ይቀራል።

የተዘነጋው የማህፀን መንገድ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቪልፍሪድ ካርማውስ የተባለ ተመራማሪ የስትራቻንን የተረሳ ግማሽ አነሳ። ጥያቄው ቀላል ነበር። የበኩርነት ልዩነት የሚመጣው ከተወለዱ በኋላ በሚያገኙት ጀርም ከሆነ፣ በተወለዱበት ሰዓት በበኩርና በታናናሾች መካከል ልዩነት መኖር የለበትም። በእንግሊዝ የዋይት ደሴት የተወለዱ ሕፃናት የእትብት ደም ሲመረመር ግን ልዩነቱ እዚያው ነበር፤ የበኩሮች አይጂኢ ከታናናሾቻቸው ይበልጥ ነበር። ካርማውስ ከአንድ ባልደረባው ጋር በ2002 ያወጣው ግምገማም 53 ጥናቶችን ሰብስቦ፣ የወንድምና እህት ብዛት ከለላ መስጠቱን ቢያረጋግጥም፣ የንጽሕና መላምት ብቻውን እንደማያብራራው ደምድሟል።

ለዚህ የቀረበው ማብራሪያ ከእርግዝና ባሕርይ የሚነሳ ነው። ፅንስ ግማሽ ዘሩ የአባት ስለሆነ ለእናት ሰውነት በከፊል ባዕድ ነው። ሰውነቷ እንዳያጠቃው የመከላከል ሥርዓቷ ወደ ሌላ አሠራር ያጋድላል፤ ይህ አሠራር ደግሞ አለርጂ ከሚሄድበት ጋር የሚቀራረብ ነው። የመጀመሪያው እርግዝና ይህን ከባዶ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያሉት የለመደ ሰውነት ያገኛሉ፣ ምላሹም ይለዝባል ነው አሳቡ። አንዳንድ ጥናቶች ብዙ የወለዱ ሴቶች ራሳቸው ከጥቂት ወላዶች ያነሰ የአለርጂ ምልክት እንደሚያሳዩ ማግኘታቸውም ከዚህ ጋር ይሄዳል።

ይህን ማብራሪያ ለመቀበል የሚያመነቱ ሰዎች መከራከሪያቸው ጠንካራ ነው። አንደኛ፣ መዋያው ለትንሽ ቤተሰብ ልጆች መጥቀሙ በማህፀን ሊገለጽ አይችልም፤ የሆነው ከወሊድ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ የስሌት ወጥመድ አለ። አለርጂ ያለባቸው ወላጆች፣ ወይም የመጀመሪያ ልጃቸው በአስም ያስቸገራቸው፣ ሌላ ለመውለድ ሊያመነቱ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ በአንድ ልጅ ቤቶች ውስጥ አለርጂ ቢበዛ፣ ብቸኛ መሆን አለርጂ አመጣ ሳይሆን አለርጂ ብቸኛ ልጅ አስቀረ ማለት ይሆናል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ተመራማሪዎች የልጆችን ጠቅላላ ቁጥር ትተው በልደት ተራው ላይ የሚያተኩሩት።

ሦስተኛውና አሁን ሚዛን እየደፋ ያለው የአንጀት ባክቴሪያ ማስረጃ ነው። በዴንማርክ ሕፃናት ላይ የተሠሩ ጥናቶች ታላላቆች ያሉት ልጅ የአንጀቱ ባክቴሪያ ዓይነት ቶሎ እንደሚበዛ አሳይተዋል። በአውስትራሊያ ጂሎንግ አካባቢ የሚካሄደው የባርዎን የሕፃናት ጥናት ደግሞ አንድ እርምጃ ሄደ። አንድ ዓመት የሞላቸው ሕፃናት የአንጀት ባክቴሪያቸው ምን ያህል «እንደ በሰለ» ለካና ከምግብ አለርጂ ጋር አያያዘው። ታላላቆች ከሚሰጡት ከለላ ከግማሽ በላይ የሆነው በዚህ ብስለት በኩል የሚያልፍ ሆኖ ተገኘ። ወላጅ ልጁን በንጽሕና ቢይዘውም የሦስት ዓመት ታላቅ ጣቱን አፉ ውስጥ ይከትለታል፣ የነከሰውን ዳቦ ያጎርሰዋል፣ ፊቱ ላይ ያስነጥሳል። የበኩሩ ልጅ ይህን የሚያደርግለት የለም።

በእኔ ግምት ሁለቱ ማብራሪያዎች ተቃራኒ ተደርገው መቅረባቸው ስህተት ነው። የእትብት ደሙ ልዩነት በማህፀን የተጀመረ ነገር እንዳለ ይናገራል፤ የመዋያውና የአንጀቱ መረጃ ደግሞ ከወሊድ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ዓመት ትልቁን ሥራ እንደሚሠራ ያሳያል። በሁለቱም ልዩነቱ የሚታየው በሺዎች ሲቆጠር ነው። በጃፓን ኪዮቶ በተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት የምግብ አለርጂ በበኩሮች 4.0፣ በሁለተኞች 3.5፣ በሦስተኛና ከዚያ በታች ባሉት 2.6 በመቶ ነበር። መቶ በኩሮች ቢሰለፉ ዘጠና ስድስቱ የምግብ አለርጂ የለባቸውም ማለት ነው። አንድ ቤት ውስጥ ታላቁ ታሞ ታናሹ ቢድን ምክንያቱ ተራ ቁጥሩ ነው ብሎ መናገር ለማንም አይቻልም።

በእናት ላይ የሚለጠፈውና የሚረጋገጠው

የእናት ድርሻ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ዘር ነው። አለርጂ ያለባት እናት ልጅ፣ አለርጂ ካለበት አባት ልጅ በመጠኑ የበለጠ እንደሚጋለጥ ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ። አባት ከዚህ ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ሁለቱም ወላጆች ካለባቸው አደጋው ከሁሉም ይበልጣል።

በእርግዝና ጊዜ ማጨስ በልጁ ሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሁሉም በላይ የተረጋገጠ ነው። በሌላ በኩል ምግብን መከልከል የሚጠቅም ሆኖ አልተገኘም። በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለአለርጂ የተጋለጡ ቤተሰቦች እናቶች በእርግዝናና በጡት ማጥባት ጊዜ ኦቾሎኒ እንዲተዉ፣ ልጆቹም እንቁላል እስከ ሁለት፣ ኦቾሎኒና ዓሣ እስከ ሦስት ዓመታቸው እንዳይቀምሱ መክሮ ነበር። በ2008 ምክሩን አነሳ፤ ማስረጃ አልነበረውምና። ዛሬም በአማርኛ የሚዘዋወሩት «ነፍሰ ጡር ይህን አትብላ፣ ልጇ አለርጂ ይሆናል» የሚሉ ዝርዝሮች የዚያ የተሰረዘ ምክር ቅሪቶች ይመስላሉ። መጨመር የጠቀመበት አጋጣሚ ግን አለ፦ በዴንማርክ 736 ነፍሰ ጡሮች በተሳተፉበትና በ2016 ውጤቱ በወጣ ሙከራ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት የዓሣ ዘይት የወሰዱት እናቶች ልጆች በአስም ወይም በማያቋርጥ የደረት ሲርታ መያዛቸው 16.9 በመቶ ሲሆን ያልወሰዱት 23.7 ነበር።

በኦፕሬሽን መውለድስ? የዴንማርክ መዝገቦች ሁለት ሚሊዮን ገደማ ልጆችን አገናዝበው በኦፕሬሽን የተወለዱት ለአስም ያላቸው ዕድል ወደ 20 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ምክንያቱ ሕፃኑ በወሊድ ቦይ ሲያልፍ የሚያገኘውን ባክቴሪያ ስለሚያጣ ነው የሚለው ማብራሪያ በሰፊው ተወርቷል። በስዊድን ግን የአንድ እናት ልጆችን እርስ በርስ ያወዳደረ ጥናት በቀጠሮ በተደረገ ኦፕሬሽን ላይ የነበረው ልዩነት መጥፋቱን አገኘ፤ በድንገተኛ ኦፕሬሽን ላይ ብቻ ቀረ። በቀጠሮ የሚወለደውም ልጅ በቦዩ አያልፍምና፣ ባክቴሪያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ በሁለቱም ላይ በታየ ነበር። የሚጠረጠረው እንግዲህ ኦፕሬሽኑን ያስገደደው ሁኔታ ነው።

ጡት ማጥባት ላይም የሚወራውና የተገኘው አይገጥሙም። 17,046 እናቶችና ሕፃናት በተሳተፉበት የቤላሩስ ትልቅ ሙከራ ጡት ማጥባት የተበረታቱ እናቶች ልጆች በስድስት ዓመት ተኩላቸው በአስምና በአለርጂ ከሌሎቹ አልተለዩም፤ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ግን ችፌ አንሶባቸዋል። ጡት ከተቅማጥና ከሳንባ ምች የሚከላከል መሆኑ ብቻውን በቂ ምክንያት ስለሆነ፣ አለርጂን ያስቀራል እያሉ ማጋነን አያስፈልግም።

ለአፍሪካ የሚቀርበው ማስረጃ ደግሞ ከኡጋንዳ ነው። በኢንቴቤ 2,507 ነፍሰ ጡሮች በተመዘገቡበት ሙከራ፣ አልቤንዳዞል የተባለውን የአንጀት ትላትል መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ የወሰዱት እናቶች ልጆች በሕፃንነታቸው ችፌ በዛባቸው። የእናት ትል እንኳ በልጅ ቆዳ ላይ የሚታይ ነገር ያደርጋል ማለት ነው። ልጆቹ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ግን ልዩነቱ አልቀጠለም። የደም ማነስ በበዛበት አገር ሐኪም ያዘዘውን የትል መድኃኒት በዚህ ምክንያት መተው አይገባም።

ጅማ፣ ቡታጅራና አዲስ አበባ

ኢትዮጵያ በዚህ መስክ ከብዙዎች በፊት የተጠናች አገር ናት። በ1990ዎቹ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች የተደረገው ጥናት በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሲወጣ፣ አስምና የደረት ሲርታ በከተማው እንደሚበዛ አሳየ። አስገራሚው የቆዳ ምርመራው ነበር። ለአቧራ ተባይ ሴንሲታይዜሽን በገጠር ሰዎች እንዲያውም ይበዛል፤ ግን አያማቸውም። በከተማ ደግሞ ያ ምላሽ ያለበት ሰው ደረቱ ይታመማል። በገጠሩ ሰው ሰውነት ውስጥ አንድ ነገር በሴንሲታይዜሽኑና በበሽታው መካከል ገብቶ ያግዳል ማለት ነው። በ2001 የወጣው ተከታይ ጥናት የመንጠቆ ትል የተባለው የአንጀት ትል ያለባቸው ሰዎች የደረት ሲርታ ዕድላቸው በግማሽ ገደማ እንደሚያንስ ሲያገኝ፣ ከለላውን የሚሰጠው ትሉ ሊሆን እንደሚችል ተጠረጠረ። ከዚያ በእንግሊዝ ኖቲንግሃም አስም ያለባቸው በጎ ፈቃደኞች ሆን ተብሎ የመንጠቆ ትል እንዲይዛቸው የተደረገበት አነስተኛ ሙከራ ተካሄደ፤ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልተገኘም።

ከ2005 ጀምሮ በቡታጅራ 1,065 ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው የወለዷቸው 1,006 ሕፃናት ክትትል ተደረገባቸው። በዚያ ዕድሜ ትል ያለበት ሕፃን ጥቂት ስለነበር የትሉን ጥያቄ መመለስ አልተቻለም። ጎልቶ የወጣው ፓራሲታሞል ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ የተሰጣቸው ሕፃናት በኋላ የደረት ሲርታቸው በዛ፤ መጠኑ ሲጨምርም አብሮ ጨመረ። ፓራሲታሞል የሚሰጠው ትኩሳትና ጉንፋን ላለበት ልጅ ነው፤ ሳንባን የሚያስቸግረው ያ ጉንፋን ራሱ ሊሆን ይችላል። አጥኚዎቹ ይህን በስሌት ለማጥራት ቢሞክሩም ሙሉ በሙሉ ማስወገድ አይቻልም።

የዘሩ ነገርም ከአውሮፓ የተለየ ነው። በአውሮፓ የችፌ ዋናው የዘር መነሻ ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያበላሸው የጂን ለውጥ ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት ችፌ ባለባቸው ኢትዮጵያውያን ላይ እነዚህ የታወቁ ለውጦች የሉም ማለት ይቻላል። ከአውሮፓ የተወሰደ የዘር ምርመራ ለኢትዮጵያዊ ልጅ የሚነግረው ጥቂት ነው።

እንግዲህ የወንድምና እህት ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልድ ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን 1.8 ብቻ። በዚያው ጥናት በኦፕሬሽን መውለድ በአገር ደረጃ 2 በመቶ ገደማ ሲሆን በአዲስ አበባ 21 በመቶ ደርሶ ነበር። በትምህርት ቤቶች ከ2015 ወዲህ የትል መድኃኒት በአገር አቀፍ ደረጃ ይሰጣል። በአዲስ አበባ ከሚወለዱት ሕፃናት ብዙዎቹ የመጀመሪያ ልጆች ናቸው፤ ከፊሎቹም ጊቢ በሌለው ኮንዶሚኒየም ያድጋሉ። ቀጥሎ የሚመጡ ዓመታት የአፍንጫና የምግብ አለርጂ በከተማ እንዲጨምር ያደርጋሉ ብሎ መጠበቅ ተገቢ ይመስለኛል። ለዚህ አንድ ፍንጭ ከውጭ አገር ይገኛል፦ በእስራኤል በ1999 የወጣ ጥናት ከኢትዮጵያ በፈለሱ ሰዎች ላይ ከተለመደው እጅግ ያለፈ አስም መዝግቧል። እነዚህ ሰዎች ያደጉት ብዙ ወንድምና እህት ባለበት፣ በገጠር ነበር። የልጅነት ከለላ ካለ፣ አካባቢ ሲለወጥ ሁልጊዜ አይጸናም ማለት ነው።

ለሚቀጥለው ልጅ

ወላጅ የልደት ተራን መለወጥ አይችልም። ሊለውጥ የሚችለው ነገር ያለው በምግቡ ነው፤ ይህም በኤፒዲሚዮሎጂ ግምት ሳይሆን በሙከራ የተረጋገጠ ነው። መነሻው እዚያው እስራኤል ነበር። በብሪታንያ የሚኖሩ የአይሁድ ልጆች የኦቾሎኒ አለርጂ 1.85 በመቶ ሲሆን በእስራኤል 0.17 በመቶ ነበር፤ እዚያ ሕፃናት ባምባ የሚባል የኦቾሎኒ መክሰስ በመጀመሪያው ዓመታቸው ይጀምራሉ። ከዚያ በለንደን ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን ከ4 እስከ 11 ወር የሆናቸውን 640 ሕፃናት በሁለት ከፍለው ሞከሩት። በ2015 ውጤቱ ሲወጣ፣ ኦቾሎኒ የተከለከሉት በአምስት ዓመታቸው 17.2 በመቶ አለርጂ ያዛቸው፤ የበሉት ግን 3.2 በመቶ ብቻ።

የዚህ ምክንያት በቆዳና በአንጀት መካከል ያለው ልዩነት ነው። በችፌ በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል የገባ የምግብ ብናኝ ሴንሲታይዜሽን ያመጣል፤ በአፍ የገባው ደግሞ ሰውነት እንዲለምደው ያደርጋል። የበኩር ልጃቸው ምግብ ስላስቸገረው ለሁለተኛው እንቁላልና ኦቾሎኒ የሚያዘገዩ ወላጆች፣ ከጉዳት ለማዳን ብለው የሚሠሩት ነገር ተቃራኒውን ሊያመጣ ይችላል። ስድስት ወር አካባቢ ተጨማሪ ምግብ ሲጀመር በሚገባ የበሰለ እንቁላልና በገንፎ ወይም በአጥሚት የተበጠበጠ የተፈጨ ኦቾሎኒ በጥቂቱ ማስጀመር ይቻላል፤ ሙሉ ፍሬ ግን ስለሚያንቅ ለሕፃን አይሰጥም። ከባድ ችፌ ያለበት ወይም ከዚህ በፊት ምግብ በልቶ ያበጠ ሕፃን በሐኪም ክትትል መጀመር አለበት።